ከላሌሊ ምድር ቤት እስከ ቀጰዶቅያ ሰማይ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በልብስ ንግድ ቡድኑ ስም የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ያንን የፊኛውን ጉዳይ ቆማችሁ ተናገሩ» ብለው ያዘዙን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከተመለስን ጀምሮ በየቡናው ላይ የሚቀርብልን ጥያቄ ማለቂያ አጥቷል። «ገመድ አለው ወይ?»፣ «ወድቆ አያውቅም ወይ?»፣ «እላይ ሽንት ቤት አለ ወይ?» (የለም፤ ከመሳፈር በፊት ነው።) ሁለተኛው ግን ከበድ ይላል። «በማኅበሩ ገንዘብ ፊኛ ላይ ወጡ» የሚል ወሬ ደርሶናል። ከደጋፊዎቻችንም አንዱ ነገሩን በትሕትና ጠይቀውናል። አልተቀየምንም። የጋራ ገንዘብ ባለበት ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠፋ ነው መስጋት። ስለዚህ ከሒሳቡ እንጀምር፤ ወደ ሰማዩ ኋላ እንወጣለን።

የልብስ ንግድ ቡድናችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ለገና አንዴ ለፋሲካ ገበያ፣ ወደ ኢስታንቡል ሰው ይልካል። ባለፈው መስከረም መጨረሻ ተራው የእኛ የአራታችን ነበር። የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ኢስታንቡል ያደርንበትና የካርጎው ክፍያ እንደ ወትሮው በቡድኑ መዝገብ ገብቷል፤ ደረሰኙም በኦዲት ኮሚቴው እጅ ነው። ከኢስታንቡል ወደ ቀጰዶቅያ የሄድንበት፣ እዚያ ያደርንበት፣ የበላነውና ፊኛው ግን ከዚያ መዝገብ አንዲት ሳንቲም አልነካም። ለእርሱ ሌላ ሳጥን፣ ሌላ ደብተር አለ። እያንዳንዳችን በየሳምንቱ 500 ብር ለ78 ሳምንት፣ ማለትም ለዓመት ከመንፈቅ፣ ስንጥል ቆይተን በነፍስ ወከፍ 39,000፣ በድምሩ 156,000 ብር አጠራቅመናል። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠውን የበላው ፊኛው ነው። ዋጋው እንደ ወቅቱና እንደ ፈላጊው ብዛት ከፍና ዝቅ ይላል፤ እኛ በሰው 150 ዩሮ ከፍለናል። ሁሉም ተከፍሎ ሲያልቅ 2,140 ብር ተረፈ። እርሱም ጠዋት በር ላይ ለቀመሳችሁት ቆሎና ሻይ ውሏል።

ሒሳቡ ይህ ነው። ነገር ግን ወሬውን ያመጣው የሒሳቡ አለመታወቅ ብቻ አይመስለንም። «እነዚህ ሴቶች ይህን ያህል ገንዘብ ምነው አየር ላይ በተኑት?» የሚለውም አብሮት አለ። ለዚህኛው ደብተር መልስ አይሆንም፤ ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ መናገር ያስፈልጋል።

ላሌሊን ለማታውቁት፣ የኢስታንቡል የጅምላ ልብስ ሰፈር ነው። ከአፍሪካ፣ ከአረብ ሀገር፣ ከሩሲያ የመጣ ነጋዴ እዚያ ይርመሰመሳል። ብዙዎቹ ሱቆች ምድር ቤት ናቸው። ደረጃ ወርዳችሁ በአምፖል ብርሃን ቀለም ትመርጣላችሁ፤ ውጭ ስታወጡት ቀለሙ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ቀን መደራደር፣ ማታ ማሸግ፣ በስኮች መጠቅለል፣ ማስመዘን። የቡድናችን ታላቅ፣ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናታችን፣ ኢስታንቡል 11 ጊዜ ተመላልሰዋል። ባሕሩን ያዩት ከአውሮፕላን መስኮት ነው። «እኔ ያንን ሀገር የማውቀው በኪሎ ነው» ይላሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እኚሁ እናታችን አንድ ምድር ቤት ሱቅ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አዩ። ሥዕሉ ኩይሳ የመሰሉ ቋጥኞች፣ ከእነርሱ በላይ ደግሞ ሰማዩን የሞሉ ባለቀለም ፊኛዎች ነበሩበት። «ይህ የት ነው?» ብለው አስጠየቁ። ባለሱቁ «ካፓዶክያ» አለና ስለ ጃኬቱ ዋጋ ቀጠለ። ከመካከላችን ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገችው፣ «ቀጰዶቅያ ማለቱ ነው፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ላይ፣ በበዓለ ሃምሳ ከተሰበሰቡት ሕዝቦች ሀገር አንዱ» አለች። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው፣ «ባስልዮስስ የዚያ ሰው አይደሉም እንዴ?» አሉ። ናቸው። ቅዳሴያቸውን በየቤተ ክርስቲያናችን የምንሰማው ቅዱስ ባስልዮስ የቂሳርያ ጳጳስ ነበሩ። ያቺ ቂሳርያ ዛሬ ካይሴሪ የምትባለው ናት፤ እዚያው ቀጰዶቅያ ውስጥ። ከአራታችን አንዷ ሙስሊም እኅታችን ናት፤ እርሷ ደግሞ «እኔስ ሥጋውን ሳልጠይቅ የምበላበት ሀገር ላይ ልዙር» ብላ ሳቀች። ሳጥኑ የተከፈተው በዚያው ሳምንት ነው።

ከኢስታንቡል ወደ ጎረሜ አውሮፕላንም አለ። እኛ የእሑድ ሌሊቱን አውቶቡስ ያዝን። 11 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ነገር ግን የአንድ ሌሊት አልጋ ያተርፋል። ሰኞ ጠዋት ስንደርስ መጀመሪያ ያልነው «ይህ መሬት ምን ሆኖ ነው?» ነው። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በአካባቢው ያሉት እሳተ ገሞራዎች አመድ ሲተፉ ኖረዋል። አመዱ ተጋግሮ ለስላሳ ድንጋይ ሆነ፤ በላዩ ጠንካራ ድንጋይ ተነጠፈበት። ዝናብና ነፋስ ለስላሳውን እየበላ ሲሄድ፣ ጠንካራው ባርኔጣ ሆኖ የጠበቀው ቦታ ብቻ ዐምድ ሆኖ ቆሞ ቀረ። አንዳንዱ እንጉዳይ፣ አንዳንዱ የተከመረ ነዶ ይመስላል። ድንጋዩ በቀላል መሣሪያ ስለሚፈለፈል ሰዉ ለዘመናት ቤቱን፣ ጎተራውን፣ በረቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን በውስጡ ሲሠራ ኖሯል። ያደርንባት ክፍልም የተፈለፈለች ዋሻ ነበረች፤ ሞቅ ያለች፣ ጣሪያዋ የመጥረቢያ ምልክት ያለበት።

ፊኛው ለማክሰኞ ጠዋት ነበር። ገና ጨለማ ሳለ ተነሥተን፣ ለብሰን፣ ሻይ ጠጥተን ተቀመጥን። ጠበቅን። በመጨረሻ «ዛሬ ነፋሱ ስለበረታ በረራ የለም» ተባለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። መብረር አለመብረሩን የሚወስነው ፊኛውን ያከራየው ድርጅት አይደለም፤ የሀገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ነው። እርሱ ካልፈቀደ ከዚያ ሁሉ ፊኛ አንዱም አይነሣም። ገንዘቡን የሚቀበለውና ፈቃዱን የሚሰጠው አንድ ሰው አለመሆኑ፣ ሒሳብ ለምንይዝ ሰዎች በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። የዚያን ጠዋት ግን ደስታው አልታየንም።

ምክንያቱም የመመለሻ አውቶቡሳችን ማክሰኞ ማታ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ዕቃችን ካርጎ ላይ ይመዘናል። አንድ ቀን ብንጨምር ረቡዕ ማታ ተሳፍረን፣ ሌሊቱን ተቀምጠን፣ ሐሙስ በቀጥታ ከአውቶቡስ ወደ ሚዛን መሄድ ይሆናል። ሁለታችን «ገንዘቡን ይመልሱልን፣ እንሂድ» አልን። ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ ሕጋቸው ነው። እናታችን ነጠላቸውን እያጣፉ፣ «78 ሳምንት የጠበቅሁ ሴት አንድ ቀን ልጠብቅ አልችልም?» አሉ። የአውቶቡስ ቲኬቱ ተቀየረ። የተጨመረው አልጋም ከዚያው ከሳጥኑ ተከፈለ።

ያተረፍነውን ቀን በጎረሜ ቤተ ክርስቲያኖች አሳለፍነው። በአብዛኛው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቦታው በ1985 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የእኛ ላሊበላ በ1978 ነው የገባው፤ ይህን ስንነግራት አስጎብኚያችን «እናንተ ታላቅ ናችሁ» አለችን። ላሊበላ ከመሬት ወደ ታች ተፈልፍሎ በአራት ማዕዘኑ ይታያል። የጎረሜዎቹ ግን ከጎን ተገብቶባቸው በገደሉ ውስጥ የተሸሸጉ ናቸው፤ ከውጭ ስታዩአቸው የርግብ ቤት ነው የሚመስሉት። ውስጡ ሲገባ ዐምዱም ጉልላቱም አለ፤ ሁሉም ከአንድ ድንጋይ። ይላንሊ በሚባለው፣ «የእባቡ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስና ቅዱስ ቴዎድሮስ በፈረስ ሆነው ዘንዶውን ሲወጉ ተስለዋል። ከዚያው ግድግዳ ላይ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስና ንግሥት እሌኒ መስቀሉን በመካከላቸው ይዘው ቆመዋል። ደመራ ለኩሰን ከመጣን ገና ሁለት ሳምንት አልሞላንም። ማንም ምንም አላለም። እናታችን ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳለሙ፤ ከኋላችን ተሰልፈው የነበሩት ቱሪስቶች ተራቸውን ጠበቁ።

ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ መኪናው መጣ። (ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ብቻ ነው የሚለየው።) ዛሬ ተፈቅዷል። ሜዳው ላይ ስንደርስ ጨርቁ እንደ ትልቅ ድንኳን መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ማራገቢያ አየር ይነፋበታል። ቅርጫቱ በጎኑ ተኝቷል። ጨርቁ ሆዱ ሲሞላ አብራሪው የጋዙን ነበልባል ወደ አፉ ለቀቀው። ቀስ እያለ ቀና አለ፤ ቆመ። የፎቅ ቤት ያህል ነው። ከግራም ከቀኝም እንደዚሁ የሚነሡ ነበሩ፤ ነበልባሉ በበራ ቁጥር ጨለማው ውስጥ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ ሆኖ እንደ ፋኖስ ይበራል።

እንዴት እንደሚሠራ ለጠየቃችሁን፣ ነገሩ የሚዛን ጉዳይ ነው። አየር ክብደት አለው። አንድ ሜትር ኩብ ቀዝቃዛ አየር 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ይሳሳና 950 ግራም ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ሩብ ኪሎ ነው፤ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ የሞቀ አየር ሩብ ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሃያ ሰው፣ ቅርጫት፣ የጋዝ ሲሊንደርና ጨርቅ ተደምሮ ሁለት ቶን ቢሆን 8,000 ሜትር ኩብ ሙቅ አየር ያስፈልጋል። ይህን በናፕኪን ላይ ደምረን ለእናታችን ስናሳያቸው፣ «ሩብ ሩብ ኪሎ እየተደመረ እኔን ያነሣል?» ብለው ተገረሙ። ጠዋት የሚበረርበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የውጭው አየር በቀዘቀዘ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። በዚያ ላይ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቀው ነፋሱ የተረጋጋ ነው።

ስለ ፍርሃቱ። ፈርተናል፤ ምን ይደበቃል። የመጀመሪያዎቹም ፈርተው በግ ነው ያስቀደሙት። ፈረንሳይ ውስጥ የወረቀት ፋብሪካ የነበራቸው የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች መስከረም 19 ቀን 1783 እ.ኤ.አ. በቬርሳይ ንጉሡ ፊት በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ በፊኛ ሰቅለው ላኩ። ሦስቱም በሕይወት ወረዱ። ሰው በነፃ የበረረው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በዓመቱ፣ ሰኔ 4 ቀን 1784፣ ሊዮን ከተማ ኤሊዛቤት ቲብል የምትባል ሴት ወጣች። በፊኛ በነፃ የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት፤ እላይ ሆናም ዘፍናለች ይባላል።

ልባችንን የነካችው ግን ሶፊ ብላንሻር ናት። ባሏ የታወቀ የፊኛ ሰው ነበር፤ በ1809 ሲሞት ዕዳ ጥሎባት ሄደ። ሶፊ በምድር ላይ ሳለች በጋሪ መሄድ እንኳ የምትፈራ፣ በድምፅ የምትደነግጥ ሴት ነበረች ይላሉ። አየር ላይ ግን አትፈራም። የባሏን ሥራ ይዛ ቀጠለች። ናፖሊዮን ለመንግሥት በዓላት ሾማታል። ከ60 ጊዜ በላይ ወጥታለች። በ1819 ፓሪስ ላይ፣ በሌሊት ትርኢት ርችት ስታበራ ፊኛዋ በእሳት ተያያዘ፤ ጣሪያ ላይ ወድቃ ሞተች። የእርሷ ፊኛ እንደ ዛሬው በሙቅ አየር ሳይሆን በቀላሉ በሚቀጣጠለው ሃይድሮጅን የተሞላ ነበር። የዛሬውን ዓይነት፣ ናይለን ጨርቅና ፕሮፔን ጋዝ ያለውን፣ ኤድ ዮስት የተባለ አሜሪካዊ ነው በ1960 ነብራስካ ውስጥ ያበረረው። ቢሆንም ያለ አደጋ ነው አንልም። በ2013 ግብፅ ውስጥ ሉክሶር ላይ አንድ ፊኛ ሲያርፍ እሳት ተነሥቶ 19 ሰዎች ሞተዋል። ይህን ከመሄዳችን በፊት አውቀናል፤ ለቤተሰባችንም ነግረናል። ወደፊት የምትሄዱም ይህን አውቃችሁ ሂዱ። ነፍሰ ጡር አይወስዱም። በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረገችም አትሂድ። ጉልበቷን የሚያማት ደግሞ ታስብበት፤ ቅርጫቱ በር የለውም፣ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች እግር እያስገቡ ነው የሚወጣው። እናታችንን ከታችም ከላይም ሆነን አሳፈርናቸው።

መነሣታችን አልታወቀንም። ቅርጫቱን ይዘው የነበሩትን ሠራተኞች አናታቸውን ስናይ ነው የገባን። ከዚያ የመኪናዎቹ ጣሪያ፣ ከዚያ መንገዱ። ከሁሉ የገረመን ነፋስ አለመኖሩ ነው። ፎጣና ጃኬት ደራርበን ነበር፤ ግን የምንሄደው ከነፋሱ ጋር፣ በእርሱው ፍጥነት ስለሆነ አይሰማም። ሻማ ብናበራ የሚጠፋ አይመስለንም። ነበልባሉ ሲለቀቅ ግን አናታችን ይግላል፤ ልክ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብለን እንደምንጋግርበት። ሲዘጋ ደግሞ ዝም ይላል። ያኔ ውሻ ሲጮህ፣ ዶሮ ሲጮህ፣ አንድ ሰውዬ ግቢው ውስጥ ሲያስል ከታች ይሰማል።

መሪ የለውም። እናታችን «ታዲያ ወዴት ነው የምንሄደው?» ብለው አስጠየቁ። አብራሪው ሳቀና በእጁ አሳየ። በየከፍታው ያለው ነፋስ ወደተለያየ አቅጣጫ ይነፍሳል፤ እርሱ ከፍ ዝቅ እያለ የሚፈልገውን ይመርጣል። እውነትም ዝቅ ስንል ወደ ሸለቆው፣ ከፍ ስንል ወደ ወንዙ ተወሰድን። ሸለቆው ውስጥ ከመግባታችን የተነሣ የቅርጫቱ ጎን የዛፍ ጫፍ ዳሰሰ። ገደሉ ላይ በሰልፍ የተፈለፈሉ ትንንሽ መስኮቶች አየን፤ የርግብ ቤቶች ናቸው። ገበሬዎቹ ርግብ የሚያስገቡበት ለሥጋው አልነበረም፤ ኩሱን ለወይን ማሳቸው ማዳበሪያ ለመሰብሰብ ነው። አንዷ ወዲያው «ዋጋውስ?» አለች። ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው።

ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች። ያን ጊዜ ከፍ ብለን ነበር፤ አብራሪው 600 ሜትር ገደማ ነው አለ። ኤርጅየስ ተራራ፣ ከ3,900 ሜትር በላይ የሆነው፣ ከምሥራቅ ብቻውን ቆሞ ታየን። ኡችሂሳር የሚሉት ትልቁ ቋጥኝ፣ መስኮት በመስኮት የሆነው፣ መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ወርቅ ሆነ፤ ከዚያ ብርሃኑ ወደ ታች እየወረደ ሸለቆዎቹን አንድ በአንድ አበራቸው። አንዳንዱ ሸለቆ ነጭ፣ አንዳንዱ እንደ ጽጌረዳ ቀላ ያለ ነው። ከመካከላችን የምታለቅስ ነበረች፤ ማን እንደሆነች አንናገርም። እናታችን ሁለት እጃቸውን ቅርጫቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎ፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ እልል አሉ። ሦስት ጊዜ። እኛም ተቀበልን። በሌላው ክፍል የነበሩት እንግዶች ደንግጠው ዞሩ፤ ከዚያ አጨበጨቡ። አጠገባችን የነበረ ሌላ ፊኛ ላይ ያሉም እጃቸውን አውለበለቡ።

ስንወርድ በማሳዎች ላይ አለፍን። ወይኑ መሬት ላይ የተንተራሰ ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከእርሱ ቀጥሎ የዱባ ማሳ ነበር። ዱባውን የሚዘሩት ለፍሬው ነው። አንዲት ሴት፣ ሻሿን እስከ ግንባሯ ያሰረች፣ ጎንበስ ብላ ትለቅማለች። በላይዋ ላይ አለፍን፤ ጥላችን ማሳዋ ላይ ሄደ። ቀና ብላም አላየችንም፤ በየማለዳው የሚያልፍ ነገር ነውና። እናታችን እጃቸውን አወዛወዙላት። «እኔም ብሆን ቀና አልልም ነበር» አሉ ቀጥለው። ስለዚህች ሴት እስከ ዛሬ እናወራለን። እርሷ በፊኛ ወጥታ ታውቅ ይሆን? የምትለቅምበት ዋጋ ስንት ነው? ከላይ ሆኖ ማየቱ ያስደስታል፤ ግን ያቺን ሴት ዝም ብሎ የሥዕሉ ክፍል ማድረግ አልቻልንም። ጎንበስ ብሎ መልቀም ምን እንደሆነ እናውቃለና።

ማረፉ ፈጣን ነው። ጉልበት አጠፍ፣ ገመድ ጨበጥ፣ ጀርባ ደገፍ ተባልን። አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለና ቆመ፤ መኪና ከሚጎትተው ተሳቢ ላይ በቀጥታ ነበር ያሳረፈን። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ በርረናል። ኬክና የሚጠጣ አቀረቡ፤ ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ ኬኩን ሙስሊሟ እኅታችን ስለ አራታችን በላችው። ሐሙስ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርደን ሚዛኑ ላይ ነበርን፤ ዕቃው አልጎደለም፣ ሰዓቱም አላለፈም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። አንዲት ወጣት አባላችን ፊት ለፊት ጠይቃናለች፤ «በ39,000 ብር ስንት ነገር ይሠራ ነበር?» ልክ ናት። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይሆን ነበር። የመጋዘን ኪራይ ይሆን ነበር። ከአራታችን አንዷ ልጇ ታሞ ስድስት ሳምንት መጣል አቅቷት፣ ከሳጥኑም ወስዳ፣ ኋላ ቀስ ብላ ሞልታለች፤ ሳጥኑ ለዚህ ክፍት ነበር። እናታችን ለዚያች ወጣት የመለሱላት አጭር ነው፤ «አራት ልጆች አስተምሬ ጨርሻለሁ። ይህ የእኔ ነው።»

እኛ የምንጨምረው አለ። ለሞታችን እድር አለን፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ንፍሮው ሳይቀር ተቆጥሯል። ለንግዳችን እቁብ አለን። ለጸሎታችን የጽዋ ማኅበር አለን። ለራሳችን ደስታ የተቀመጠ ነገር ብንፈልግ አጣን። ደስታ የምንለው የልጅ ሰርግና ምርቃት ነው፤ እርሱንም ወጡን የምንሠራው እኛ ነን። ደጋፊዎቻችንም ብትሆኑ፣ በግልጽ እንነጋገር። በየዓመቱ ለሪፖርቱ ፎቶ ስንመርጥ፣ የምንስቅበት ፎቶ ይቀርና ጠንከር ያልንበት ይገባል። ማንም እንዲህ አድርጉ ብሎን አያውቅም። የምትስቅ ሴት ድጋፍ የማያስፈልጋት ትመስላለች ብለን ስለፈራን ነው። የዘንድሮው ሪፖርት ላይ ከቅርጫቱ ውስጥ የተነሣነው ይገባል፤ እናታችን አፋቸውን ከፍተው እልል ሲሉ የሚታዩበት።

ለጉባኤው ያቀረብነው ሐሳብ በአጀንዳው ተራ ቁጥር 6 ላይ ተጽፏል። «የጉዞ ሳጥን» ብለነዋል። በፈቃድ ነው፤ ማንም አትገደድም። የሚጣለው መጠን እንደ አቅም ነው፤ 20 ብርም ይሁን። ከማኅበሩ ቁጠባም ከደጋፊዎች ገንዘብም ምንም አይገባበትም። ለብድር ዋስትና አይያዝም። ባልም ልጅም ዘመድም አይጠይቅበትም። የታመመ ወይም የተቸገረ ሲኖር ባለቤቷ የጣለችውን ማውጣት ትችላለች። ሒሳቡ በየሦስት ወሩ እንደ ሌላው ሁሉ ይለጠፋል። መድረሻው ቱርክ መሆን የለበትም፤ ወንጪም ላሊበላም ይሁን፣ ቦታውን የሚመርጡት የጣሉት ናቸው።

እናታችን የእርሳቸውን መርጠዋል። ለፋሲካ ገበያ ስንሄድ ቦስፎርን በጀልባ መሻገር ይፈልጋሉ፤ ባሕሩን ከቅርብ ለማየት። ጠይቀናል፤ የሕዝቡ ጀልባ ዋጋው ከከተማ አውቶቡስ ብዙ አይበልጥም። ከላሌሊ ወደ ጀልባው ትራም አለ። ዕቃው በጊዜ ከታሸገ ከሰዓት በኋላ ይደረስበታል።